ሰርዶ

የእማማ የጡት ነቀርሳ በመድኃኒት ሟሽሾ በእጅ ዳሰሳ የጠፋ ጊዜ እልል ያልነው እኛው ነበርን፤ ነጭ ጋዎን በለበስን ሰሞን። በዓመቱ ተመለሱ። ዕብጠቱም ተመልሶ፣ አጥንታቸው ድረስ ዘልቋል። «ልጆቼ፣ ጠፋ አላላችሁኝም ወይ? ሰርዶ ነው እንዴ?» አሉን። ምን ይባላል! ወለል ወለሉን አየን።

ያቺ «ሰርዶ» ግን ቤተ መጻሕፍት ድረስ ተከተለችን። ለካስ ጥያቄው የሳይንስም ጥያቄ ኖሯል። በ1994 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ቶሮንቶ ውስጥ የጆን ዲክ ቡድን የደም ነቀርሳ ሴሎችን የመከላከል ኃይል በሌላቸው አይጦች ላይ ሲሞክር፣ በሽታውን የዘሩት ጥቂቶቹ ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2003 ደግሞ ሚሺጋን ውስጥ የማይክል ክላርክ ቡድን ከጡት ነቀርሳ ለይቶ ያወጣቸው 100 ያህል ሴሎች አዲስ ዕብጠት አበቀሉ፤ ሌሎቹ በአሥር ሺዎች ተቆጥረውም አልበቀሉም። ጥቂቶቹ የግንደ ሴል ጠባይ አላቸው፤ ራሳቸውን ይተካሉ፣ የማይመስሏቸውንም ይወልዳሉ። ከፊሎቹ የሚከፈሉት በዝግታ ስለሆነ፣ ሯጩን ሴል የሚመታው መድኃኒት ያልፋቸዋል። እኛ እልል ያልነው እንግዲህ ቅጠሉ ሲረግፍ ነው።

በ2008 የወጣ ጥናት ነገሩን ከክፋቱ ጋር አያያዘው። በፅንስ ግንደ ሴል ውስጥ የሚሠሩት ጂኖች፣ የመጡበትን አካል መልክ ባጡት የጡት ነቀርሳዎች ውስጥ በርትተው ታዩ። ፓቶሎጂ ደረጃ 3 የሚላቸው ናቸው፤ ክፉዎቹ። (ደረጃን ከሥርጭት እርከን ጋር እያምታታን ስንት ነጥብ ጥለናል!)

ታዲያ በዚያው ዓመት የሾን ሞሪሰን ቡድን ሜላኖማን ይበልጥ መከላከያ በሌላቸው አይጦች ላይ ሲተክል፣ ከአራት ሴል አንዱ ያህል በቀለ። እዚህ ላይ ዶርም ውስጥ ተጣላን። ከፊላችን «ልዩነቱ የአይጧ እንጂ የሴሉ አልነበረም» አልን፤ ከፊላችን «የሜላኖማው ለጡቱ አይሠራም» ብለን ድርቅ አልን። ተራ የነበረው ሴል ወደ ግንደ ሴል ጠባይ ሊመለስ መቻሉም ታይቷልና፣ ሥርና ቅጠል የምንለው ራሱ አያስተማምንም።

ሐሙስ ዕለት ወደ እማማ ተመለስን። «አዎን፣ ሰርዶ ይመስላል፤ ያኔ የጠፋው የሚታየው ነበር» አልናቸው።

«ያኔ እንዲህ ብትሉኝ፣ የልጄን ሠርግ ለዘንድሮ ባላዘዋወርኩት» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።