አዲስ ምጣድ

ያደግሁት ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ከወለቃ አጠገብ ነው። ወለቃ በዚያን ጊዜ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች፣ ወንዶቹም ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች ነበሩ። በቤታችን የነበረው ድስት፣ ጀበናና ምጣድ ሁሉ ከእነርሱ የተገዛ ነበር። ይሁን እንጂ አያቴ፣ «ከቡዳ ቤት እህል እንዳትቀምስ!» እያለች ታስጠነቅቀኝ ነበር። በእጃቸው በተሠራው ምጣድ እንጀራ እየጋገረች ምግባቸውን መፍራቷ ያን ጊዜ ከቶ አልገረመኝም።

ከዚያች መንደር አብሮኝ ከብት የሚጠብቅ አንድ ባልንጀራ ነበረኝ። አንድ ዓመት፣ በዐቢይ ጾም ማለቂያ ገደማ፣ ልጠራው ወደ ቤታቸው ብሄድ እናቱ በደጅ ቆማ አሮጌ ሸክላዎቿን ስትሰባብር ደረስሁ። ያበደች መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ፋሲካቸው ደርሷል፤ እነርሱም በዓሉን እንደኛው ፋሲካ ይሉታል። እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ ቸኩለው ስለ ነበር ሊጡ ሳይቦካ ጋገሩት፤ ይህን ለማሰብ ሰባት ቀን ሙሉ እንጀራም ጠላም፣ እርሾ የነካው ነገር ሁሉ ይቀራል። ሸክላ ደግሞ የነካውን ስለሚመጥ ቢያጥቡት አይጠራም፤ ስለዚህ ይሰበርና አዲስ ይሠራል። በበዓሉ ዋዜማ በግ ይሠዋል፤ ቄሱም የመውጣቱን ታሪክ ከኦሪት በግዕዝ ያነባሉ።

ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሼ ስሄድ እናቱ ትኩስ የስንዴ ቂጣ በቅጠል አድርጋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችልኝና ራቅ ብላ ቆመች። ከእጇ አልተቀበልሁም፤ በሕጋቸው ከወገናቸው ውጭ የሆነን ሰው መንካት ያረክስ ነበርና። እንግዲህ እርሷ እኔን ትሸሻለች፣ እኔም እርሷን እፈራለሁ። ቂጣው ቅቤ ስላልነካው ለጾመኛ የተፈቀደ ነበር፤ ሽታውም ያስጎመጅ ነበር። እኔ ግን አመስግኜ ይዤው ሄድሁና ከወንዙ ስደርስ ወረወርሁት። ዞር ስል ባልንጀራዬ ከኋላዬ ቆሟል። ምንም ቃል አልተናገረም።

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ እርሱም ከቤተሰቡ ጋር ሄደ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አገሩን ሊያይ መጣ። የመጣውም ልክ በፋሲካቸው ሰሞን ነበር። እንጀራችንን እንደማይበላ ስላወቅሁ ባለቤቴን አማከርሁና አዲስ ምጣድ ገዛን፤ እርሷም በጎመን ዘር አሟሸችው። እንግዳችን ግን ስንቁን ይዞ ኖሯል። ከካርቶን ውስጥ አራት ማዕዘን የሆነ፣ እንዳይነፋ ጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ፣ ሲቆርሱት የሚንኮሻኮሽ ቂጣ አወጣ። ማጻ ይሉታል፤ ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ቀምሳ፣ «ይኸማ ድርቆሽ ነው እንጂ ቂጣ አይደለም!» ብላ አሳቀችን። እውነቷን ነው፤ እኔም ያለ ሻይ አልወረደልኝም።

ባለቤቴ ቂጣ ልትጋግርለት ስትነሣ ጥቂት አመነታ። በአሁኑ አገሩ ሕግ ዱቄቱ ውኃ ከነካው ጀምሮ በ18 ደቂቃ ውስጥ ካልተጋገረ እንደ ቦካ ይቆጠራል። «እንግዲያው ሰዓቱን ይያዙልኝ» አለችው። እርሱም የእጅ ሰዓቱን እያየ እምድጃው አጠገብ ቆመ። እናቱ ሰዓት አልነበራትም፤ ነገር ግን ቂጣው ከምጣድ ሳይወርድ ቀና ብላ አታውቅም ነበር ብሎ አጫወተን። የባለቤቴ ቂጣ በ11 ደቂቃ ወጣ።

በሁለት እጁ ገምሶ እኩሌታውን ሰጠኝ፤ ከእጁም ተቀበልሁት። ስለ ወንዙ ላነሣበት አስቤ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ እርሱም አላነሣውም። ሁለተኛውን ቂጣ ከምጣድ ስታወርደው ሳይበርድ በላነው።