ቨርጂኒያ፦ አተር የሚዘራበት ሰሞን

ቨርጂኒያ ውስጥ ጓሮ ያለውን ሰው አተር መቼ ነው የሚዘራው ብላችሁ ብትጠይቁት ብዙውን ጊዜ ሳያመነታ ማርች 17 ይላችኋል። የአይሪሾቹ የቅዱስ ፓትሪክ ቀን ነው፤ በእኛ መጋቢት 8። ወደ ምዕራቡ ጠረፍ፣ ሲያትል አካባቢ፣ ክረምቱ ለስለስ ስለሚል በጆርጅ ዋሽንግተን ልደት፣ ፌብሩዋሪ 22፣ ይዘራል ይላሉ። ቅዱሱንም ሆነ ፕሬዚዳንቱን ከአተር ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ ቀኑ እንዳይረሳ ነው። የእኛ ገበሬም ክረምቱን ከሰኔ ሚካኤል ጋር ያቆራኘው የለ?

ልዩነቱ፣ አገር ቤት ዝናቡ ሲመጣ ሁሉም ሰው እኩል ያየዋል። ጎረቤት በሬውን ሲጠምድ አንተም ትጠምዳለህ። እዚህ ግን ማርች 17 ላይ ሰማዩ የሚናገረው ነገር የለም። አንዱን ዓመት ሰው በካናቴራ ይወጣል፣ በሌላው ዓመት በረዶ ይጥላል፤ ቀኑ ያው ነው።

አሌክሳንድሪያ ያረፍኩት አጎቴ ቤት ነው። ጋሼ ደብረ ብርሃን አጠገብ ተወልደው ያደጉ፣ እዚህ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከተማው ለነዋሪው በዓመት ክፍያ ከሚያከራየው የጓሮ መሬት አንድ መደብ አላቸው፤ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ድንች፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ አተር። ከጎናቸው ያለውን መደብ የያዙት ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት አስተማሪ ናቸው። እኔ የደረስኩት በዓሉ ሊገባ ሲል ስለነበር የሁለቱን ክርክር ተፋፍሞ አገኘሁት።

አስተማሪዋ በቀኑ ያምናሉ፣ ጋሼ በእጃቸው። አንድ ጠዋት መደቡ ዳር ተንበርክከው ከላይ የተኛውን የበሰበሰ ቅጠል ገለጥ አደረጉና ከአንድ ጣት ጥልቀት በታች አፈር ዘገኑ። ጨበጡት። መዳፋቸውን ሲከፍቱ አፈሩ የአራቱን ጣቶች ቅርጽ ይዞ፣ ላዩ እያብረቀረቀ፣ ድብልብል ብሎ ቁጭ አለ። በአውራ ጣታቸው ቢጫኑት ጎደጎደ እንጂ አልፈረሰም።

«አየህ አይደል? ሊጥ ነው» አሉኝ። «ይኼን እንኳን ዘር ልትዘራበት ልትረግጠውም አይገባም። ስትጨብጠው ተጠቅልሎ፣ ስትነካው ፍርክስክስ ሲል ያኔ ጥራኝ።»

ቴርሞሜትር ያላቸው ግን አስተማሪዋ ናቸው። ረጅም መርፌውን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰክተው ቆም አሉና 42 ፋራናይት ብለው አነበቡ፤ ወደ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ። እዚህ የሚነገረው ደንብ ደግሞ አፈሩ 7 ዲግሪ ሲደርስ አተር መዝራት ይቻላል የሚል ነው። «አንድ ዲግሪ ምን አላት!» አሉ አስተማሪዋ፣ ፓኬታቸውን እየቀደዱ።

ነገሩን ካጤንኩት በኋላ ለጋሼ አደላሁ። አተር 5 ዲግሪ አፈር ውስጥ ከአፈር ብቅ ለማለት ከአንድ ወር በላይ ይፈጅበታል። በ10 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ያህል፣ በ15 ዲግሪ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ዘግይቶ የተዘራው አፈሩ ሲሞቅ እየሮጠ ቀድሞ የተዘራውን ይደርስበታል፤ የተቻኮለው ሰው ያተረፈው ያን ሁሉ ጊዜ ዘሩን ጭቃ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ጭቃ ውስጥ የቆየ ዘር ደግሞ ምን እንደሚሆን ጋሼ አምና አይተዋል። አስተማሪዋ በበዓሉ ቀን ዘርተው ነበር፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ዝናብ ቀናት ሙሉ ወረደበት፤ አልበቅል ሲል ሁለቱም ጎንበስ ብለው አንዷን ፍሬ በጣት ፈልፍለው አወጧት። ቆዳዋ እንዳለ ነው፤ ጫን ሲያደርጓት ግን ቆዳው ሸርተት አለና ውስጧ ነጭ ዝልግልግ ሆኖ ወጣ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ይህን የሚያደርገው እርጥብና ቀዝቃዛ አፈር የሚመቸው ፒቲየም የሚባል ሻጋታ መሰል ተሕዋስ ነው። ዘሩ ውሃ ሲጠጣ ስኳር ያፈሳል፤ ተሕዋሱም ያንን ተከትሎ ይመጣል። ሁሉም አተር ግን እኩል ስኳር የለውም። ግሪጎር ሜንዴል በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ ካነጻጸራቸው የአተር ጠባዮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ድፍን ክብና የተጨማደደ ፍሬ። የተጨማደደው ስኳሩ ብዙ ስለሆነ እሸቱ ይጣፍጣል፣ በብርድ ጭቃ ውስጥ ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ድፍኑ ስታርች የበዛበት፣ ጣዕሙ ደረቅ፣ ግን ቻይ ነው። ሱቅ ውስጥ አንዳንዱ ዘር ሮዝ ቀለም ተነክሮ የሚሸጠው ፀረ ሻጋታ መድኃኒት ስለተቀባ ነው። ጋሼ መድኃኒት የነካው ዘር አይወዱም። የድፍኑን ፓኬት እያገላበጡ ግን «ይኼማ የሽሮ አተር ነው!» ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው፤ ለዚህ የሚቀርበው የእኛው የክክ አተር ነው።

እኔን ያስገረመኝ ውርጩን ማንም አለመፍራቱ ነው። አተር ሲበቅል ክኩ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ላይ ያለው ቡቃያ ቢቃጠል ከታች ካለው አንጓ ሌላ ያወጣል። ስስ በረዶ ቢጥልበት ግድ የለውም። የቨርጂኒያ አተር የሚሞተው ከፊቱ በሚጠብቀው ሙቀት ነው። ሙቀቱ 27 ዲግሪን እያለፈ ሲሄድ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል፤ እዚህ ደግሞ ጁን ላይ ይህ የዘወትር ነገር ነው። ስለዚህ ቀደም ያለውን ጭቃ ይበላዋል፣ የዘገየውን ፀሐይ ይበላዋል። መሃሉ ጠባብ ነው። ደብረ ብርሃን ነገሩ ይገለበጣል። አተር ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ተዘርቶ በዝናብ ያድጋል፤ ውርጩ የሚመጣው ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ልክ ሲያፈራ ነው። እዚያ የዘገየን ሰው የሚቀጣው ብርድ ነው፣ እዚህ ሙቀት። ሌላም ነገር አለ። የእኛ ገበሬ ብዙ ቦታ አተሩን ከባቄላ ቀላቅሎ ይዘራና አተሩ ባቄላውን ተደግፎ ይወጣል። እዚህ ለእያንዳንዱ መስመር መረብ ይወጠራል። ጋሼ ግን ከመደቡ ዳር ጥቂት ባቄላ ሰግስገዋል፤ «ለመረብ ገንዘብ አላወጣም» ነው የሚሉት።

ከአሌክሳንድሪያ ሁለት ሰዓት ከምናምን ነድተን ሻርለትስቪል አጠገብ የቶማስ ጄፈርሰንን ርስት፣ ሞንቲቼሎን፣ አየን። ሰውየው ከአትክልት ሁሉ አተር አብልጦ ይወድ ነበር ይባላል። ገና በ23 ዓመቱ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1767 አተር መዝራቱን፣ ኤፕሪል 24 ደግሞ ቀድሞ የደረሰው ማዕድ ላይ መቅረቡን በአትክልት መዝገቡ ጽፏል። ያ ከማርች 17ም የቀደመ ድፍረት ነው። በኋላ በሞንቲቼሎ የሠራው የአትክልት ቦታ ደቡብ ምሥራቅን ያየ፣ ከተራራው ወገብ ተቆርጦ የተደለደለ፣ 300 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው እርከን ነው። ቀዝቃዛ አየር ወደ ሸለቆ ስለሚወርድ ተዳፋቱ ላይ ውርጭ ይቀንሳል። ሜዳ ላይ ያለ አተር ሲመታ ተረተር ላይ ያለው እንደሚተርፍ ለደጋ ሰው አይነገረውም፤ ጋሼም «ቦታ መምረጥ ያውቅበታል» ብለው አለፉ።

ጄፈርሰንና ጎረቤቶቹ የመጀመሪያውን አተር ማን ያደርሳል ብለው በየጸደዩ ይፎካከሩ ነበር። ያሸነፈው ሌሎቹን ራት ይጋብዛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ጆርጅ ዳይቨርስ የሚባል ጎረቤት ነበር። አንድ ዓመት ጄፈርሰን ቀደመ፤ ቤተሰቡ ንገር ሲለው ግን ተዉት፣ ሁልጊዜ የሚቀድም ይምሰለው ብሎ ዝም አለ ይባላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እርከኑን በአካፋና በጋሪ የደለደሉት፣ በአትክልቱም ሥራ የደከሙት ባሪያ የተደረጉ ጥቁሮች እንደነበሩ፣ የአትክልተኞቹ አለቃ ዎርምሊ ሂዩዝም ከእነሱ አንዱ እንደነበር ሲነገረን ግን ጨዋታው ትንሽ ደበዘዘብኝ። በፌብሩዋሪ ብርድ ከጭቃው ጋር የሚታገለው ሌላ ሰው ሲሆን መፎካከር ቀላል ነው።

ጋሼ በመጨረሻ ዘሩን ከሁለት ከፈሉት። አፈሩ መፍረክረክ እንደጀመረ፣ ከበዓሉ ጥቂት ቀናት አሳልፈው፣ ድፍኑን ዘሩ። የተጨማደደውን ያቆዩት የጎረቤት ቢጫ ፎርሲትያ ቁጥቋጦ አብቦ ቅጠል እስኪጀምር ነው። አስተማሪዋ ሁሉንም ማርች 17 ቀን ጨርሰዋል።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ጋሼ ደወሉ። የእሳቸውና የአስተማሪዋ እሸት በቀናት ልዩነት ብቻ ነው የደረሰው። ከአስተማሪዋ ዘር ግማሽ ያህሉ አልበቀለም፤ የበቀለው ግን ለሰሞኑ እራት በቅቷል፤ አስተማሪዋም እኔ ቀደምኩ እያሉ ነው። ጋሼ ቀድመው በልተው ነበር።

«ታዲያ እንደ ጄፈርሰን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ለምን ብዬ!» አሉ። «በማግስቱ በሳህን ይዤላቸው ሄድኩ እንጂ።»