መደብ በሦስተኛ ፎቅ

ጀሞ ያለው ብሎካችን ከምድር እስከ እኛ በር 54 ደረጃ አለው። ይህን ቁጥር አሥራ ሁለት ዓመት ስኖርበት አላውቀውም ነበር። ያወቅሁት ባለፈው ነሐሴ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ አንድ በአንድ እየቆጠረች ስትወጣው ነው። በየፎቁ ቆም ትላለች። ጎረቤት በር ላይ የተሰጣ በርበሬ ካየች በእጇ ነካ አድርጋ «እነዚህስ ባለሙያ ናቸው» ትልና ትቀጥላለች። በራችን ላይ ስንደርስ ጉልበቷን ይዛ «ሰማይ ቤት ነው እንዴ የተከራየሽው ልጄ?» አለችኝ። ኪራይ እንዳልሆነ፣ በዕጣ የደረሰን የራሳችን ቤት እንደሆነ በየዓመቱ እነግራታለሁ። ለእሷ ግን ግቢ የሌለው ቤት ሁሉ የኪራይ ቤት ነው።

ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ ነው። በሜትር ስንለካው ውስጡ 42 ካሬ ሆነ። ስንረከበው ወለሉ ደረቅ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ቀለም ያልነካው እንደነበር ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሁሉ ይገባዋል። በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው የዚህ ዓይነት ቤት ግንባታ ዋና ሐሳቡ ዋጋ መቀነስ ስለነበር ማጠናቀቁ ለባለቤቱ ይተዋል። እኛም ያኔ በነበረን ገንዘብ ለሳሎኑና ለመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ፣ ለመኝታ ቤቶቹ የፕላስቲክ ምንጣፍ አድርገን ገባን። «ሌላውን ቀስ ብለን» አልን። ቀስ ብለን አሥራ ሁለት ዓመት ሞላን።

እናቴ እግሯን ካመማት ወዲህ ብቻዋን እንዳትኖር ሐኪም መክሯታል። እሷ ግን «እስከ መስቀል ነው የምቆየው» ብላ ነው የመጣችው። ሣጥኗንም አላመጣችም። ሰው ሊኖር ሲመጣ ሣጥኑን ይዞ ይመጣል፤ እናቴ የያዘችው አንዲት ፌስታልና ባናዋን ብቻ ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጄ አልጋዋን ለአያቷ ለቅቃ ፍራሽ ላይ ወረደች፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ ወንድሟ እንደ ልማዱ ሶፋው ላይ ይተኛል። አንድ ሌሊት ልጄ ኩሽና ውስጥ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት። «እማማን ጠልቼ አይደለም፤ ግን ክፍሌ ክፍሌ አይደለም» አለችኝ። ያቺ ቤት ውስጥ ድምፅ የሚደበቅበት ቦታ የለም። በማግሥቱ እናቴ ቁርስ ላይ «መኪናው ደብረ ብርሃን የሚነሣው በስንት ሰዓት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ደግነቱ በመስከረም የባለቤቴ ዕቁብ ደረሰ። ቤቱን እንደገና እናድሰው ተባለ።

ልጄ ስልኳ ላይ ያጠራቀመቻቸውን ሥዕሎች አሳየችኝ። ነጭ ሶፋ፣ ከሳሎን ጋር የተቀላቀለ ኩሽና፣ በጂፕሰም ኮርኒስ ውስጥ የተደበቀ መብራት፣ መስታወት የመሰለ ወለል። ያምራሉ፤ አልዋሽም፣ እኔንም አስጎመጁኝ። ነገር ግን ሥዕሎቹን ደጋግሜ ሳያቸው አንድም ቦታ ምጣድ የለም። ጀሪካን የለም። ረከቦት የለም። የታመመ ጉልበትም የለም።

የመጀመሪያው ክርክር በኩሽናው ግድግዳ ላይ ሆነ። ልጄ ይፍረስ አለች። የጠራነው የፊኒሺንግ ሠራተኛ በጣቱ አንኳኳውና «በግማሽ ቀን እናወርደዋለን» አለ። ግድግዳ ለማፍረስ የሚቸኩል ሰው ያስፈራኛል። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩትን መሐንዲስ ጎረቤታችንን ቡና ጠራናቸው። እሳቸው እንዳስረዱን የሕንፃውን ክብደት የሚሸከሙት ኮለኖቹና ቢሞቹ ናቸው፤ ይህ ብሎኬት መከለያ ብቻ ነው። ይህ ማለት ግን ማንም ተነሥቶ መዶሻ ያነሣል ማለት አይደለም። በግድግዳው ውስጥ የማን ቧንቧና የማን ሽቦ እንደሚያልፍ ሳይታይ፣ ማኅበሩም ሳያውቅ አይነካም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጁ፣ ቁጥር 370/1995፣ የግል የሆነውን ከጋራ የሚለየው ለዚህ ነው አሉን።

ቢፈርስስ ይጠቅመናል ወይ ለሚለው መልስ የሰጠችው እናቴ ናት። ከጥጓ ሆና «ታዲያ እንጀራ ስትጋግሪ እንፋሎቱ ወዴት ሊሄድ ነው? ቁሌቱስ? እንግዳሽ ወጡን ከመብላቱ በፊት በልብሱ ይዞት ሊሄድ?» አለች። መሐንዲሱ ሳቁ። ከዚያ ልጄ ራሷ መላ አመጣች፤ ግድግዳው ይቅር፣ ከወገብ በላይ መስኮት ይከፈትበት አለች። አንድ ሜትር በሰማንያ ሳንቲ አድርገን፣ ማኅበሩን አሳውቀን፣ ሽቦ አለመኖሩን አይተን ከፈትነው። ተንሸራታች መስታወት ገባለት። ስንቁላላ ይዘጋል፣ ሳህን ስናቀብል ይከፈታል። ለወትሮው በቀትር መብራት የምናበራበት ኩሽና አሁን ከሳሎኑ በረንዳ ብርሃን ያገኛል።

ካቢኔ ሠሪው ደግሞ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። የካቢኔው ጥልቀት በሁሉም ቦታ 60 ሳንቲ ነው አለ። የኤሌክትሪክ ምጣዳችንን አወጣሁና ለካነው፤ ሸክላው ብቻውን 60 ነው፣ ከነአካሉ ይተርፋል። «እትዬ፣ ምጣዱን በረንዳ ላይ አድርጊው» አለኝ። ዝናብና ኤሌክትሪክ! በየብሎኩ መካከል የተሠራው የጋራ ማብሰያ ቤት የታሰበው ለዚሁ ነበር፤ የእኛው ግን ዛሬ የማኅበሩ ዕቃ ማስቀመጫ ነው፣ እንጀራው ፎቅ ወጥቷል። ስለዚህ በአንዱ ጫፍ ካቢኔውን ወደ 75 አስወጣነው፣ ከፍታውንም ዝቅ አደረግነው፤ ምክንያቱም ምጣድ ላይ ሊጥ የሚያዞር ሰው ክንዱን ከላይ ወደ ታች ነው የሚይዘው። ለምጣዱ የራሱ ሽቦና የራሱ ብሬከር ተዘረጋለት። ወደ 3,500 ዋት የሚስብ ዕቃ ከፍሪጅና ከውሃ ማሞቂያ ጋር በአንድ መስመር ሲሰካ ምን እንደሚሆን የተቃጠለ ማከፋፈያ ያሸተተ ያውቃል። የወጣው ጫፍ መስመሩን ያበላሻል ብላ ልጄ አኩርፋ ነበር። አሁን ሻይዋን የምትጠጣው እሱ ላይ ተደግፋ ነው።

ወለሉ የእኔ ጥፋት ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ለመታጠቢያ ቤቱ የሚያብለጨልጨውን ሴራሚክ የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ ስለሚያምር። እናቴ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት አንሸራተታት፣ የእጅ መታጠቢያውን ይዛ ተረፈች። ለማንም አልተናገረችም። ያወቅነው ክንዷ ሲጠቁር ነው።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ተክለሃይማኖት ወረድን፤ ልጄና እኔ። ተክለሃይማኖት የሕንፃ ዕቃ መደብሮችን ላልዞረ ሰው እንዲህ ነው፦ ሴራሚኩ በር ላይ ተደርድሮ ፀሐይ ሲያርፍበት መንገዱ ሁሉ ያብለጨልጫል። ሻጩ ጨርቅ ይዞ እየወለወለ «ፖርሲሊን ነው፣ የዱባይ ሆቴሎች የሚጠቀሙበት» ይላል። ሻካራውን ስትጠይቂ ፊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከኋላ፣ አቧራ ከለበሰው ክምር ነው የሚያወጣው። ልጄ የሚያብለጨልጨውን፣ እኔ ሻካራውን ይዘን ሦስት ናሙና ለምነን ወሰድን። ቤት ስንደርስ እናቴ ናሙናዎቹን መሬት ላይ አስደረደረች፣ በጣሳ ውሃ አፈሰሰችባቸው፣ ጫማዋን አወለቀችና ልጁን ተደግፋ አንድ በአንድ በእግሯ አሸቻቸው። «ይኼ አህያ ይጥላል። ይኼም። ይኼኛው ደህና ነው» አለች። ደህና ያለችው ግራጫውን ሻካራ ነው። ይህን ፈተና ለማንም እመክራለሁ፤ ዋጋው አንድ ጣሳ ውሃ ነው።

መያዣ ብረትም አስገጠምን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ፊሸር ብቻ የሰው ክብደት አይሸከምም። ብሎኑ ግድግዳውን ዘልቆ ከወዲያኛው ወገን በብረት ሳህን መታሰር አለበት። ልጄ መጀመሪያ «ሆስፒታል አስመሰላችሁት» አለች፤ ቀጥላ ግን ከቧንቧው ጋር አንድ ዓይነት ጥቁር አስቀባችው። አሁን እንግዳ ሁሉ የፎጣ መስቀያ ይመስለዋል። እናቴም ይህን ወዳዋለች፤ ለእሷ ሲባል የተሠራ ነገር መሆኑ እንዲታይባት አትፈልግም።

ጂፕሰሙ ቀረ። ጣሪያችን ዝቅተኛ ነው፣ ከዚያ ላይ አሥርና አሥራ አምስት ሳንቲ መቀነስ ቆብ እንደ መድፋት ሆነብኝ። ውሃም በፈረቃ ስለሚመጣ ባለቤቴ በረንዳው ላይ 500 ሊትር ሮቶ ሊያስቀምጥ አስቦ ነበር። መሐንዲሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት። «ሲሞላ ግማሽ ቶን መሆኑን ያውቃሉ?» ሮቶውም ቀረ። ጀሪካኖቹ ታዲያ የት ይግቡ?

የሶፋው ነገር ነበር የቀረን። ልጄ ኤል ቅርጽ ያለው ትፈልጋለች። ጎረቤታችን እንዲህ ያለውን ገዝተው በደረጃው አልዞር ብሎ፣ በገመድ ታስሮ በበረንዳ ሲሳብ የሰፈር ልጅ ሁሉ ሲያጨበጭብ አይቻለሁ። ገብቶም ሳሎኑን ሞላው፤ ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው።

በጥቅምት መጨረሻ እናቴን ይዤ ደብረ ብርሃን ሄድሁ፤ የክረምቱን ቤት ልታይ፣ ደግሞም «ልመለስ» ስላለች። 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ሸሚዝ ለብሶ የወጣ ሰው ሲደርስ ጋቢ ይለምናል። ቤቱ ቀዝቅዞ፣ አይጥ ገብቶበት ጠበቀን። እናቴ በሩን እንደከፈተች ቀጥ ብላ ሄዳ መደቧ ላይ ተቀመጠች። የተወለድሁበት ቤት ነው፤ ያን መደብ ዕድሜ ልኬን አይቼዋለሁ። ከግድግዳው ጋር በድንጋይና በጭቃ ተሠርቶ ተለስኗል። ቀን ይቀመጡበታል፣ ማታ ይተኙበታል፣ ለቅሶ ሲሆን ስድስት ሰው ይደረደርበታል። ያን ቀን ግን ሜትሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ወርዱ 80፣ ከፍታው 43 ሳንቲ። ሃያ ሊትር ጀሪካን በቁሙ ይገባበታል! እናቴ «ምን ልትሸጪው ነው የምትለኪው?» አለች። እንደምንም ለምኜ ይዣት ተመለስሁ፤ ሣጥኗ አሁንም እዚያው ቀረ።

የሰፈራችን አናጢ ሥዕል አላስፈለገውም። «መደብ ነዋ!» አለ፣ አያቱ ቤት የነበረውን እያስታወሰ። ኤምዲኤፍ ውሃ ሲነካው ስለሚያብጥ አጽሙን በሞራሌ፣ ላዩን በኮምፔርሳቶ ሠራው። በመስኮቱ ግድግዳ ሥር ሁለት ሜትር ከሃያ ይዘረጋል። ላዩ በሦስት ክዳን ይከፈታል፤ በአንዱ ጀሪካኖቹ፣ በአንዱ የልጁ አልጋ ልብስ፣ በአንዱ ጤፍና ሽሮ። ልጄ ስፖንጁን ግራጫ ጨርቅ አልብሳ፣ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ብቻ የወይራ ቅጠል መልክ አስቀባችው። እናቴ «ግድግዳው ሣር አበቀለ» አለች፤ ግን ባናዋን ከመኝታ ቤት አውጥታ ራሷ አነጠፈችበት። ጥቁርና ነጩ ባና በአረንጓዴው ላይ ሲታይ ልጄ ፎቶ አነሣችው። ዋጋው ሁሉ ተደምሮ የኤል ሶፋው ሢሶ አልሞላም። ወንድ ልጄ ማታ ማታ ይተኛበታል። ቀን ግን የእናቴ ነው፤ እዚያ ተቀምጣ የፉሪን ተራራ ታያለች፣ ደመናው ሲወርድ ልብስ እንድናስገባ ታዝዛለች። ልጄም ቢያንስ ከቁርስ እስከ ማታ ክፍሏ ተመልሶላታል። ሌሊቱን አብረው ናቸው፤ ሁለት ጠባብ አልጋ ማዕዘን ሠርቶ ገብቷል፣ መካከሉ ላይ የሚታጠፍ ጠረጴዛ አለ። ማንኮራፋቱ ግን መፍትሔ አላገኘም።

መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ። ከጥምቀት ማግሥት ቡና ተፈልቶ፣ ሲኒው በኩሽናው መስኮት እየተቀባበለ ሳለ እናቴ ወደ ማንም ሳታይ «ያቺ ሣጥኔ ብትመጣስ የት ትገባለች?» አለች።

ባለቤቴ ቀና አለ። እኔ ጀበናውን ያዝ አደረግሁ። ልጄ ግን ተነሥታ ከመሳቢያው ሜትሩን አወጣች።

«ርዝመቷ ስንት ነው እማማ?»

እናቴ ሁለት እጇን ዘረጋች። «ከዚህ እስከዚህ።»

ልጄ ተንበርክካ ከአንዱ መዳፍ እስከ ሌላው ለካች።