ደጋንና ጅማት

ደጋን ቀስት ነው። እንጨቱ ይጎብጣል፤ ጫፍና ጫፉ በጅማት ይወጠራል። ጅማቱ ሲሳብ እንጨቱ ይታጠፋል። ሲለቀቅ በኃይል ወደ ቦታው ይመለሳል። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ አዳኞች በዚህ ኃይል ፍላጻ እየወረወሩ አውሬ ይጥሉ ነበር። በእኛ አገር በግራና ግን ደጋን ጥጥ ይነድፋል። አውሬ አይገድልም፤ ሰው ያለብሳል።

ስለ ደጋን የምጽፈው በእጄ ሠርቼ ስላየሁት ነው። ጊዜው 2008 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ነበር። በ2007 ክረምት ዝናቡ አጠረ። በሰሜን ወሎ ብዙ ማሳ ፍሬ ሳይሰጥ ቀረ። የእኛም ማሽላ አገዳ ብቻ ሆኖ ቆመ።

አክስቴ ባሏ የሞተባት ሴት ነች። የምትተዳደረው በፈትል ነው። ጥጥ ከገበያ ትገዛለች። ትዳምጣለች፤ ትነድፋለች፤ ትፈትላለች። የፈተለችውን ማግ መርሳ ወስዳ ለሸማኔ ትሸጣለች። በዚያ ዓመት ከማሳዋ የምትጠብቀው እህል አልነበረም። የቀራት እንዝርቷ ብቻ ነው። ታዲያ በዚያው ሰሞን የደጋኗ እንጨት ከወገቡ ተሰነጠቀ።

ያልተነደፈ ጥጥ ደህና ክር አይወጣውም። እየጎረበጠ ይበጠሳል። ስለዚህ ደጋኑ ሲሰበር የአክስቴ ሌማት ባዶ ሊሆን ነው። «አይዞሽ፣ እኔ እሠራልሻለሁ» አልኳት። ጎረቤቶች ሳቁ። «ወንድ ለደጋን ምን አገባው? የሴት ዕቃ አይደል እንዴ?» አሉ። አክስቴ ግን «ተዋቸው ልጄ፤ የሚስቁትም ጋቢ ለብሰው ነው» አለችኝ።

መጀመሪያ እንጨት ፈለግሁ። ጉጥ የሌለው የወይራ ለጋ መረጥሁ። ርዝመቱ ሁለት ክንድ ያህል ነው። ውፍረቱ አውራ ጣት ያህላል። ልጣጩን ላጥሁት። በእሳት ወላፈን እያሞቅሁ ቀስ በቀስ አጎበጥሁት። ከዚያ በገመድ አስሬ በጥላ አደረቅሁት። ፀሐይ ላይ አላሰጣሁትም። ፀሐይ እርጥብ እንጨትን ያሰነጥቃል። ሁለት ሳምንት ቆየ። አክስቴ በየቀኑ እየመጣች «ደረሰ ወይ?» ትላለች። በዚህ መሃል ቀድማ የፈተለችውን ልቃቂት ሁሉ ሸጣ በልታለች።

እንጨቱ ሲደርቅ በቢላዋ ፋቅሁት። መሃሉን ወፍራም አድርጌ ተውሁት። ሁለቱን ክንፎች ወደ ጫፍ እያቀጠንሁ ሄድሁ። ክንፎቹ እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ከቀጠነ እሱ ብቻ ይታጠፋል። የሚሰበረውም እዚያው ላይ ነው።

ቀጥሎ ጅማት ነው። ከመርሳ ሥጋ ቤት የበሬ ጅማት ለመንሁ። ረጅሙ ጅማት የሚገኘው ከበሬው ጀርባ፣ ከአከርካሪው ጎንና ጎን ነው። ሥጋውን ፍቄ አወጣሁ። በጥላ አደረቅሁት። ሲደርቅ በድንጋይ ቀጠቀጥሁት። ያን ጊዜ እንደ ቃጫ ክር ክር እያለ ተለያየ። በውሃ አርሼ ገመድሁት። አንዱ ሊያልቅ ሲል ሌላውን እየጨመርሁ አስረዘምሁት። ከዚያ በሁለት ችካል መካከል ወጥሬ አሳደርሁት።

የቀድሞው ደጋን የተሰነጠቀው ከወገቡ ነው ብያለሁ። ምክንያት አለው። ቀስት ሲሳብ ሆዱ ይጨመቃል፤ ጀርባው ይለጠጣል። እንጨት ብዙ ሲለጠጥ ይሰነጠቃል። ጅማት ግን መለጠጥን ይችላል። በጥንት ዘመን ቱርኮችና ሞንጎሎች ይህን ያውቁ ነበር። በጦር ቀስታቸው ጀርባ ላይ ጅማት በሙጫ ይለጥፉ ነበር። እኔ ሙጫ አልነበረኝም። ስለዚህ በወገቡ ዙሪያ እርጥብ ጅማት ጠመጠምሁበት። ገበሬ ምራንን ያውቃል። እርጥቡ ታስሮ ሲደርቅ ይጠብቃል። ጅማትም እንደዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ ፈተና መጣ። መጀመሪያ ጅማቱን ጫፍና ጫፉ ላይ አስሬ ጥቂት ጥቂት ሳብሁት። ፊቴን ዘወር አድርጌ ነው፤ ቢበጠስ ዓይን ያጠፋል። በየጊዜው ጨመር አደረግሁ። እንጨቱ አልጮኸም። ሁለቱም ክንፍ እኩል ታጠፈ። ከዚያ ለአክስቴ ሰጠኋት። እሷ አላየችውም። ጆሮዋ አጠገብ ይዛ ጅማቱን በጣቷ መታችው። ዱብ የሚል ድምፅ ሰጠ። «ገና ነው ልጄ። ጅማቱ ውሃ ይዟል። ጥጡ ይጣበቅበታል። ተነገ ወዲያ እናየዋለን» አለች።

ቤቷ እህል የለም። እሷ ግን አልቸኮለችም። በሦስተኛው ቀን እንደገና መታችው። ዝንን አለ። «አሁን ደረሰ» አለችና የተዳመጠውን ጥጥ ፊቷ አፈሰሰች። ጅማቱን ጥጡ ላይ አድርጋ ትመታው ጀመር። ጥጡ ብድግ ብድግ እያለ ተፍታታ። ቆሻሻው ረገፈ። ነጭ ባዘቶ ተከመረ። እስከ ማታ ድረስ ወገቡን አልሸሸም። በሳምንቱ ልቃቂቷን ይዛ መርሳ ሄደች። ማሽላ ሸምታ ተመለሰች።

ዛሬ የብዙ ሸማ ድር የፋብሪካ ክር ነው። ማጉን ግን እናቶቻችን አሁንም ይፈትላሉ። ስለዚህ ደጋን ያላችሁ ሰዎች ይህን አስታውሱ። ሥራ ስትጨርሱ ጅማቱን ከአንድ ጫፍ ፍቱት፤ እንጨቱ ይረፍ። ክረምት ሲገባ ከምድጃ በላይ ስቀሉት፤ እርጥበት ጅማትን ያላላል። አዲስ ስትሠሩም እንጨቱ ሳይደርቅ፣ ጅማቱም በድምፁ ሳይመሰክር ሥራ አትጀምሩበት። የጥጥ ሥራ የሚያውቁ አሮጊቶች በየመንደሩ አሉ። ጆሯቸው ድምፁን ይለያል። ሳሉልን እንጠይቃቸው።