በሰው ደጅ የቆምንበት ዘመን

በአሜሪካ አገር የሚኖረው የእኅታችን ልጅ ባለፈው ኅዳር ወር አንድ ማታ ስልክ ደውሎ፥ «ጋሼ፥ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ፥ ከረባት ያሰሩ፥ ስማቸው በደረታቸው ላይ በጥቁር ሰሌዳ የተጻፈ ሁለት ጐበዛዝት በሬን አንኳኩተው ስለ ሃይማኖት እንነጋገር ይሉኛል፤ ምን ልበላቸው?» ሲል ጠየቀን። እኛም እነማን እንደ ሆኑ ዐወቅን። በ1822 ዓ. ም. በዚያው በአሜሪካ የተመሠረተው፥ ሞርሞን የሚባለው ማኅበር ልጆች ናቸው። ወንዶቹ ሁለት ዓመት፥ ሴቶቹ ዓመት ከመንፈቅ ከቤታቸው ርቀው ይሰብካሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ እንጂ ብቻቸውን አይወጡም፤ እስከ 2011 ዓ. ም. ድረስም ከወላጆቻቸው ጋራ በስልክ የሚነጋገሩት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ለልጁ መልስ በመስጠት ፈንታ ዝም አልን። የማኅበራችን ስም ሌላ ይሁን እንጂ እኛም በወጣትነታችን በአዲስ አበባ እንደዚሁ ሁለት ሁለት ሆነን በሰው ደጅ ቆመን ነበርና።

የተወለድነው በባሕር ዳር በሹም አቦ ነው። አባታችን መሪጌታ ነበሩ፤ ዳዊት ያስደገሙንም እርሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ደበሎ ለብሰን ለቅኔ ትምህርት ወደ ጎጃም ገጠር ወረድን፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን በየመንደሩ ቁራሽ ለመንን፤ የውሻው ጥርስ ጠባሳ እስከ ዛሬ በግራ ባታችን ላይ አለ። ኋላ ዓይናችን ታመመና ወደ አንድ የሚሲዮን ሐኪም ቤት ሄድን። ዓይናችን ዳነ፤ እኛ ግን እንግሊዝኛና ሒሳብ ልንማር በዚያው በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ቀረን። ነገሩ የተጀመረው በሃይማኖት ሳይሆን በዓይን ሕመም ነው ብንል ሐሰት አይሆንብንም።

በጣና ዳር ላደገ ሰው ሚሲዮን የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። በልጅነታችን በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቅጽር ውስጥ ባለው በድሮው የድንጋይ ግንብ ጥላ ሥር ስንጫወት፥ ይህን የሠራው ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ቄስ ነው እያሉ ሽማግሌዎች ይነግሩን ነበር። ፓኤዝ በ1614 ዓ. ም. ሞተ፤ ዐፄ ሱስንዮስም የሮማን ሃይማኖት ስለ ተቀበሉ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፥ በ1624 ዓ. ም. ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። እንግዲህ እኛ ለስብከት ወደ አዲስ አበባ መሄዳችን በቤታችን በተሰማ ጊዜ አባታችን «ከቤቴ ሱስንዮስ ወጣ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስማችንን አልጠሩም።

የችሎት ጸሓፊ ነንና አንድ የሕግ ነገር እንጨምር። በ1936 ዓ. ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ፥ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በሚበዙበት አገር ሚሲዮን ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ቢያቆምም ሰውን ከሃይማኖቱ እንዳያወጣ ከልክሎ፥ አዲስ አበባን ግን ክፍት አድርጎ ነበር። በእኛ ጊዜ ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ለሁሉም የሃይማኖት ነፃነት ሰጥቶ ስለ ነበረ ከልካይ አልነበረብንም። የአባትን ዝምታ የሚሽር አንቀጽ ግን በየትኛውም አላገኘንም።

ወደ ከተማው የገባነው በ1991 ዓ. ም. ነው። ባልንጀራ ሆኖ የተሰጠን የወለጋ ልጅ አባቱ ራሱ ወንጌላዊ ስለ ነበረ ከቤቱ የወጣው ተመርቆ ነው፤ እኛ የወጣነው ተሰውረን ነው። በጉለሌ አንዲት ክፍል ተከራይተን፥ በ1954 ዓ. ም. ተተርጕሞ የወጣውን መጽሐፍ ቅዱስ በከረጢት ይዘን የቆርቆሮ በር ስንመታ እንውል ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ሴት በሩን ከፍታ ብቅ ባለች ጊዜ ከአፋችን የወጣው ያጠናነው ሰላምታ ሳይሆን «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የድሮ ቃላችን ሆነ። ሴቲቱም ወደ ጓዳ ተመልሳ ቁራሽ እንጀራ አምጥታ ሰጠችን። ባልንጀራችን ሳቀ፤ እንጀራውንም ተካፍለን በላን።

አለቆቻችን በቀን ሃያ ቤት እንድንጐበኝ አዝዘውን ነበር። እነርሱ የቡናን ሥርዓት አያውቁም። አቦሉን ጠጥቶ ቶናውን ሳይጠብቅ የሚነሣ እንግዳ ባለቤቲቱን እንደ ሰደበ ይቈጠራል፤ በረካውን ሳይቀምሱ መውጣትም በረከቱን ጥሎ መሄድ ነው። በዚህ ምክንያት በቀን አምስት ቤት ከደረስን ብዙ ነበር። በሪፖርቱ ላይ ግን ሃያ ብለን የጻፍንበት ቀን አለ። ዛሬ የምስክርን ቃል በመሐላ የምንጽፍ ሰው ሆነን ይህን መናገር ያሳፍረናል።

የከበደን ግን ሌላ ነው። በግንቦት 1990 ዓ. ም. ከኤርትራ ጋራ የተጀመረው ጦርነት ገና አላለቀም ነበር። አንድ ቀን ማለዳ በኮልፌ በኩል አንድ በር መታን። ንጹሕ የለበሱ ሁለት እንግዶች ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ደጅ ሲመቱ ለእናት ምን ማለት እንደ ሆነ አላሰብንም። በሩን የከፈቱት እናት እኛን ባዩ ጊዜ፥ አንድ ቃል ሳንናገር ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ጥለው «ልጄን!» ብለው ከመሬት ወደቁ። ጐረቤቱ በጩኸት ተሰበሰበ። መርዶ ነጋሪ አለመሆናችንን እስክናስረዳ ድረስ አንድ ሽማግሌ ከዘራ አንሥተውብን ነበር፤ ቢመቱንም አይፈረድባቸውም። እኒያ እናት ግን ልባቸው በተመለሰ ጊዜ አልተቈጡንም። እጃችንን ይዘው «እውነት ከዚያ አይደለም የመጣችሁት? ከዚያ አይደለም?» እያሉ ደጋግመው ጠየቁን፤ ቀጥሎም ቁርስ ሳትበሉ አትሄዱም አሉ። በዚያ ቤት ስለ ስብከት አንድ ቃል አልተናገርንም። ከዚያ ወዲህ ከቀትር በፊት በር አልመታንም፤ ከሩቅም ሆነን «እንግዶች ነን፥ በደኅና ነው» ብለን ድምፅ እናሰማ ነበር። ተኩሱ በሰኔ 1992 ዓ. ም. ቆመ፤ የእኒያን እናት ልጅ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልሰማንም።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለን። የእኛም እናት ወሬው የጠፋባት ልጅ ነበራትና። ተነሥተን ለአባታችን ደብዳቤ ጻፍን፤ ደኅና መሆናችንንና የምንኖርበትን ሰፈር ብቻ ነገርናቸው እንጂ ስለ ሃይማኖት አላነሣንም። ሦስት ወር መልስ አልመጣም። በአራተኛው ወር አንድ የባሕር ዳር ነጋዴ ፈልጎ አገኘንና ከእናታችን የተላከ በሶ አስረከበን። ከበሶው ጋራ በጨርቅ የተቋጠረ 60 ብር አለ። «ይህስ?» አልነው። «የመሪጌታ ነው። በየሰው ቤት የሚዞር ከሆነ ጫማው ያልቃል ብለዋል» አለን። «ሌላ ቃልስ?» ብለን ጠየቅነው። «ሌላ የለም» አለ።

በዚያው ሳምንት ከመርካቶ ጫማ ገዛን። ዘመናችንን ጨርሰን በ1992 ዓ. ም. መጨረሻ ወደ ሹም አቦ ስንመለስ አባታችን በደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ከሁሉ አስቀድመው እግራችንን ተመለከቱ፤ ከዚያም ቀስ ብለው ቀና አሉና «ዳዊቱን ረሳኸው?» አሉን። አንድ መዝሙር ጀምረን ከእኩሌታው ላይ ተሳሳትን፤ እርሳቸውም አረሙን። በሕይወት እስካሉ ድረስ ስለ ሁለቱ ዓመት አልጠየቁንም፤ እኛም አልነገርናቸውም። ነጋዴውን ስለ ላኩልን እንኳ አላመሰገንናቸውም።

ለእኅታችን ልጅ «አስገባቸው» አልነው። በሳምንቱ ቅር ብሎት ደወለ። «ጋሼ፥ ዕጣን አጭሼ ቡና አፈላሁላቸው፤ አንጠጣም አሉኝ!» አለ። የሞርሞን ሥርዓት ቡናንና ሻይን፥ አልኮልንና ትምባሆን እንደሚከለክል አስረዳነው። «ታዲያ ምን ልስጣቸው?» አለን።

«ዳቦና ውሃ ስጣቸው» አልነው፤ «ደግሞም ከእናታቸው ጋራ መቼ እንደ ተነጋገሩ ጠይቃቸው»።