ከጉማራ የመጣ ሥር

ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ ጣና ይወርዳል። በክረምት የጣና ዓሦች ዕንቁላል ሊጥሉ ሽቅብ ሲወጡበት፣ ጎርፉ ደግሞ የደጋውን እንጨት ቁልቁል ያመጣበታል። ውኃው ሲጎድል ከዳርቻው ያነሣሁት የወይራ ሥር ዛሬ በደብረ ታቦር ቤቴ፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ የወርቃማ ዓሦች መጠለያ ሆኗል።

ውድ አንባቢ፣ እንጨትን ውኃ ውስጥ ማኖር ቀላል አይምሰልህ። የደረቀ እንጨት አየር አዝሏልና ይንሳፈፋል፤ ሚዛኑን ስቶ ሲገለበጥም ዓሣ ይጨፈልቃል፣ መስታወት ይሰብራል። በግራና በቀኝ መስታወት መካከል ወጥረው የሚያቆሙት አሉ፤ እኔ አልደፍረውም። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ መስታወት ግን አይለጠጥም።

አስቀድሜ ቀቀልሁት። ከተማችን 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ንፍሮም እንጨትም ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ከዚያም ድንጋይ ተጭኖት ለሳምንታት በባልዲ ተዘፈዘፈ። ታኒን የተባለው ቀለሙ ውኃውን ሻይ ያስመስለዋል፤ ዓሣን ባይጎዳም፣ ዓሦቼን በጠላ ውስጥ ሲዋኙ ማየት አልሻምና ደጋግሜ ደፋሁት።

በመጨረሻ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስበስቼ፣ ከታች በማይዝግ ቪት ከሥሩ ጋር አጋጠምሁት፤ ድንጋዩንም ከገንዳው ወለል አሳርፌ በጠጠር ሸፈንሁት። ቪቱን ሳጠብቅ እጄ ለአፍታ ቆመ። ይህ ሥር በሕይወት ሳለ የአንድ ተዳፋት አፈር አስሮ የኖረ ነው። ያ አፈር ምናልባት ዛሬ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ያበቅል ይሆናል፤ እርሱን ግን እኔ ከድንጋይ ጋር አሰርሁት።

ትንሿ ዓሣ በዚያው ሌሊት ከሥሩ ጣቶች መካከል ገብታ አደረች።