በሰዓቱ የሚደርስ ማሽን

አንድ ጡረታ የወጣ ሰው ከውሃ ቧንቧ ቁራጭና ከእስክሪብቶ ክዳን የልጆች ፊልም የጠፈር መርከብ ለመሥራት ወራት ሲያጠፋ ያየ ሰው፣ መጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣው ቃል «ሥራ ፈት» የሚለው ነው። በእንግሊዝ እንዲህ ያሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ነገሩ የተጀመረው ግን በጨዋታ ሳይሆን በሞት ዜና ነው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1963 በምዕራብ ጀርመን፣ ሌንገዴ በምትባል ቦታ፣ የአንድ የብረት ማዕድን ኩሬ ተደረመሰና ውሃው ወደ ጉድጓዱ ገባ። ከመሬት በታች 129 ሠራተኞች ነበሩ። 29ኙ ሞቱ። የመጨረሻዎቹ 11 ሰዎች አንድ በአንድ ተስበው የወጡት ከ14 ቀን በኋላ ነበር።

ዜናውን ይከታተል የነበረው እንግሊዛዊ የፊልም ሰው ጄሪ አንደርሰን አንድ ነገር አልለቅ አለው። ሰው ከመሬት በታች ሆኖ ሲጠብቅ ከባዱ መሣሪያ ከሩቅ እስኪመጣ ስንት ሰዓት ያልፋል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። መልሱን በ1965 ለልጆች ሰጠ። «ተንደርበርድስ» የተባለው፣ አሻንጉሊቶች የሚተውኑበት ተከታታይ ፊልም አምስት ወንድማማቾች አሉት። ማሽኖቻቸው በአየር፣ በባሕርና በጠፈር ይሄዳሉ። ሥራቸው አንድ ነው፦ ሌላው ሊያድነው ያልቻለውን ሰው ማዳን።

ማሽኖቹን የሠሩት ስላው በምትባል ከተማ ዴሪክ ሜዲንግስና ባልደረቦቹ ናቸው። ከሱቅ የተገዙ ተገጣጣሚ ሞዴሎችን ፈታተው ክፍሎቻቸውን መርከቦቹ ላይ ለጠፉ። የሎሚ መጭመቂያ እንኳ ቀለም ተቀብቶ የማስወንጨፊያው ግድግዳ ላይ ዋለ። አዲስ ነገር መጫወቻ ስለሚመስል ሆን ብለው አቆሸሹት። በሰከንድ 24 ምስል ማንሳት ሲበቃ እስከ 120 አነሱ። ፊልሙ በተለመደው ፍጥነት ሲታይ እንቅስቃሴው ዝግ ይልና በእጅ የምትያዘው መርከብ የብዙ ቶን ክብደት ያላት ትመስላለች።

ከቀረጻው በኋላ ብዙዎቹ ሞዴሎች ተሰባበሩ፣ ተጣሉ። ያኔ ልጅ የነበሩት ዛሬ አርጅተው ከምንም ተነስተው እንደገና ይሠሯቸዋል። ፊልሙን አቁመው በማስመሪያ ይለካሉ። ችግሩ፣ አንዱ መርከብ ለሩቅ እይታ በትንሹ፣ ለቅርብ በትልቁ ስለተሠራ ቅርጹም ቀለሙም ይለያያል። «እውነተኛው» የቱ እንደሆነ የሚወስነው ሠሪው ራሱ ነው። የተዘጋጀውን ከሱቅ መግዛት ይቻላል፤ የገዛው ሰው ግን ይህን ጥያቄ ጨርሶ አያገኘውም።

አሁን ወደ ሌንገዴ እንመለስ። 11ዱን ሰዎች ያወጣቸው የሚበር ማሽን አልነበረም። አንድ ሰው ብቻ ቆሞ የሚገባበት ጠባብ የብረት ቱቦ ነበር። ዓይነቱ መጀመሪያ የተሠራው በ1955፣ እዚያው ጀርመን፣ ሌሎች የማዕድን ሠራተኞች ጉድጓድ ውስጥ በተቀበሩ ጊዜ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ሰው ተጨንቆ ስላሰበበት፣ ሲፈለግ ተገኘ።

ሽማግሌው ጠረጴዛ ላይ ያለችው መርከብ በእርግጥ ማንንም አታድንም። ግን እንጠይቅ፦ ሥራ ፈቱ የትኛው ነው? አደጋ ሳይመጣ ስለ ማዳን እያሰበ እጁን የሚያንቀሳቅሰው፣ ወይስ ጅቡ ከሄደ በኋላ የሚጮኸው?